ሉፐስ ያለባት እህት መውለድ ትችላለችን?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቤተሰብ ጤና ዝግጅት ላይ ከቀረበው የተወሰደ)



ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት እናት ወደ ፕሮግራማችን ስልክ ደውለው ነበር። ምራታቸው ካገባች ሦስት ዓመቷ ነው። መገጣጠሚያዋን ያማታል፣ ፀጉሯ ይረግፋል፣ ፊቷ ላይ ሽፍታ ይወጣባታል። ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ብዙ ከተንከራተተች በኋላ በሽታዋ ሉፐስ እንደሚባል ተነገራት። እኝህ እናት «ይህ በሽታ ያለባት ሴት ካረገዘች ወይ እሷ ትሞታለች ወይ ልጁ ይሞታል ይላሉ። ልጄ ምን ይሁን? ይታገሥ ወይስ ሌላ ያግባ?» ሲሉ ጠየቁን። ከኋላቸው የምራታቸው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ምን እንደምትል ግን አልለየንም። በዕለቱ ሰዓቱ ስላለቀብን ጉዳዩን ሰፋ አድርገን ይዘን እንደምንመለስ ቃል ገብተን ተለያየን።

የዛሬው ዝግጅታችን ያንን ቃል ለመሙላት ነው። ፍሬ ነገሩን ከወዲሁ እንናገረው፦ አዎን፣ ሉፐስ ያለባት ሴት ማርገዝም መውለድም ትችላለች፤ ከእነዚህ እናቶች አብዛኞቹ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። ነገር ግን በማንኛውም ጊዜና በማንኛውም ሁኔታ አይደለም። ጊዜው መመረጥ አለበት፣ መድኃኒቱ አስቀድሞ መስተካከል አለበት፣ ክትትሉም ከሌሎች እናቶች የበለጠ መሆን አለበት። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው ምንድን ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) በሰውነታችን ውስጥ ከውጭ የሚገቡ ተሕዋስያንን የሚዋጋ መከላከያ አኑሯል። ሉፐስ የሚባለው ይህ መከላከያ ወዳጅና ጠላት መለየት ተስኖት የገዛ ሰውነቱን ማጥቃት ሲጀምር ነው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምን፣ የሳንባና የልብ ሽፋንን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በአልጋ፣ በትንፋሽ አይያዝም። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ያህል ሴቶች ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ነው። የእርግዝና ጥያቄ ከዚህ በሽታ ጋር ተያይዞ ሁልጊዜ የሚነሳውም ለዚህ ነው።

በአገራችን ይህ በሽታ ሳይታወቅ ብዙ የሚቆይበት አንድ ምክንያት አለ። ፀሐይ የሉፐስን ሽፍታ ታባብሳለች። አንዲት ሴት ፀሐይ ላይ ውላ ስትገባ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ ሽፍታ ወጥቶ፣ ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ከተከተለ «ምች መታት» ይባልና ዳማከሴ ይታሽላታል። ሽፍታው በጊዜው ይከስማል፤ ዳማከሴው ፈወሳት ይባላል። በሌላ ጊዜ ተመልሶ ሲመጣም እንደገና ምች ነው። በመጻሕፍት ላይ ሽፍታው «ቀይ» ተብሎ ቢጻፍም በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው፤ ይህም ሐኪሙን ጭምር ሊያሳስት ይችላል። ምች የተባለ ሁሉ ሉፐስ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በተደጋጋሚ «ምች» የሚመታት፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ የሚያብጡባትና የሚገትሩባት፣ አፏ ውስጥ የሚቆስልባት፣ ፀጉሯ የሚረግፍባት እህት የደምና የሽንት ምርመራ ያስፈልጋታል። ጽንስ በተደጋጋሚ የሚወርድባት እህትም እንደዚሁ።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

የእኝህ እናት ፍርሃት መሠረት የሌለው ወሬ ነው ብለን አናጣጥለውም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሐኪሞች ራሳቸው ሉፐስ ያለባቸውን ሴቶች «አታርግዙ» ይሏቸው ነበር። ያን ጊዜ የወጡ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ከ1960 እስከ 1965 ባሉት ዓመታት ሉፐስ ካለባቸው እናቶች እርግዝና ውስጥ 43 በመቶው ጽንሱ የጠፋበት ነበር። ከ2000 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት ግን ይህ ቁጥር ወደ 17 በመቶ ወርዷል። በሽታው ያው በሽታ ነው፤ የተለወጠው መድኃኒቱና ክትትሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መቼ ማርገዝ እንደሚሻል መታወቁ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት አለ፤ ውጤቱ በ2015 ታትሟል። በአሜሪካና በካናዳ ሉፐስ ያለባቸውን 385 ነፍሰ ጡሮች ከመጀመሪያዎቹ ወራት አንስቶ ተከታተለ። ሁሉም ሲያረግዙ በሽታቸው የተኛ ወይም ቀለል ያለ ነበር። ከእነዚህ እናቶች 81 በመቶው እርግዝናቸው ያለ ከባድ ችግር አልፏል። በቀሪዎቹ ላይ የደረሰው ልጁ ያለ ጊዜው መወለዱ፣ ክብደቱ ከሚገባው ማነሱ፣ በጥቂቶቹም ላይ የጽንሱ ወይም የጨቅላው ሞት ነው። በማህፀን ውስጥ የሞቱት 4 በመቶ፣ ከተወለዱ በኋላ የሞቱት 1 በመቶ ነበሩ። በሽታው በእርግዝና መካከል በከባዱ የተነሳባቸውም ከ100 እናቶች 3 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ነገር ግን አንዱን ገጽ ብቻ አንብበን እንዳንዘጋው። በዚያው ጥናት ውስጥ፣ ደሟ «ሉፐስ አንቲኮአጉላንት» የሚባለውን አንቲቦዲ የያዘ እናት አደጋዋ ከሌሎቹ በብዙ የላቀ ሆኖ ተገኝቷል። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ፣ የደም ፕሌትሌቷ ያነሰ፣ ወይም ስታረግዝ በሽታዋ ያልተረጋጋ እናትም ስጋቷ ከፍ ያለ ነው። ከ2000 እስከ 2003 በአሜሪካ ሆስፒታሎች የወለዱ እናቶች መዝገብ ሲመረመር ደግሞ፣ ሉፐስ ያለባቸው በእርግዝና ደም ግፊት የመያዛቸው ነገር ከሌሎቹ 3 እጥፍ፣ የመሞታቸው ነገር 20 እጥፍ ነበር። ሞት በቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ከ100 እናቶች አንዲትም አትሞላም። ይሁንና ሐኪም ባለበት አገር እንኳ ይህ ከሆነ፣ ክትትል የሌላት እናትማ ምን ያህል ልትጎዳ እንደምትችል አስቡት።

ስድስት ወር

ሐኪሞች በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚሰጡት ምክር ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብንባል የምንይዘው ይህንን ነው፦ በሽታው ቢያንስ ለስድስት ወር ተረጋግቶ ከቆየ በኋላ ማርገዝ። ተረጋጋ ሲባል ሕመሙ አልተሰማትም ማለት ብቻ አይደለም። ኩላሊት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አያምም። ስለዚህ ሽንቷ ፕሮቲንና ደም እንደሌለበት፣ የደም ግፊቷ ልክ እንደሆነ፣ የደም ምርመራዋም ጥሩ እንደሆነ መታየት አለበት። ኩላሊቷ በተነሳ ሉፐስ እየታመመ ሳለ ያረገዘች እናትና በሽታዋ ተኝቶ ያረገዘች እናት፣ የበሽታቸው ስም አንድ ይሁን እንጂ መንገዳቸው የተለያየ ነው።

ይህ ማለት እስከዚያ ድረስ እርግዝናውን ማዘግየት ያስፈልጋል ማለት ነው። ጥንዶች ተስማምተው፣ ጉዳት ለመከላከል ሲባል፣ ዘላቂ መካንነትን በማያመጣ መንገድ እርግዝናን ማዘግየት አብዛኞቹ ዑለማዎች የፈቀዱት ጉዳይ ነው፤ በሶሓቦች ዘመንም ዐዝል ይታወቅ ነበር። በሕክምናው በኩል ግን ጥንቃቄ አለ። ኤስትሮጅን ያለበት የተለመደው የእርግዝና መከላከያ እንክብል ደምን ለመርጋት ስለሚያጋልጥ፣ በሽታዋ ለተነሳባት ወይም እነዚያ ደም የሚያረጉ አንቲቦዲዎች ላሉባት እህት አይሆንም። በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌም አንቲቦዲዎቹ ላሉባት አይመከርም። በክንድ የሚቀበረውና በማህፀን የሚቀመጠው ይሻላሉ። በየጤና ጣቢያው የሚሰጡ ናቸውና ሰጪዋ ባለሙያ ሉፐስ እንዳለ ትነገር።

ስለ መካንነት ካነሳን አንድ ነገር እንጨምር። ሉፐስ በራሱ ሴትን አብዛኛውን ጊዜ መካን አያደርግም። ለከባድ የኩላሊት ጉዳት የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለው መድኃኒት ግን እንደ መጠኑና እንደ ዕድሜዋ እንቁላሎቿን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ገና ያልወለደች ልጅ ከሆነች ከመጀመሩ በፊት ጥያቄውን ለሐኪሟ ማንሳት መብቷ ነው። ባታነሳው የሚያነሳላት ላይኖር ይችላል።

የትኛው መድኃኒት ይቆያል? የትኛው ይቆማል?

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እዚህ ነው። «እርጉዝ ሴት መድኃኒት አትወስድም» የሚለው አባባል በየቤቱ አለ። ለሉፐስ እናት ይህ አባባል አደገኛ ነው።

ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የሚባለው መድኃኒት የሉፐስ ሕክምና ምሰሶ ነው። ስሙ ከክሎሮኩዊን ጋር የሚመሳሰለው ወንድሙ ስለሆነ ነው፤ ክሎሮኩዊንን ደግሞ ወባ ያለበት አካባቢ ያደግን ሁሉ ከነምሬቱ እናውቀዋለን። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ «ኮሮናን ያድናል» ተብሎ ዓለም ሁሉ ሲሻማበት የሉፐስ ሕሙማን ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞሩ ነበር፤ ለኮሮናውም ሳይጠቅም ቀረ። ይህ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ መቀጠል አለበት። በተለመደው መጠን ጽንሱን የሚጎዳ ሆኖ አልተገኘም፤ መቆሙ ግን በሽታውን እንደሚቀሰቅሰው ታይቷል። ቀስ ብሎ የሚሠራ መድኃኒት ስለሆነ ዛሬ ቢቋረጥና ከወር በኋላ ቢጀመር ወዲያው አይደርስም። ለረጅም ዓመታት የሚወስዱት ሰዎች ዓይናቸውን መታየት አለባቸው፤ ይህም በእርግዝና ምክንያት የመጣ ሳይሆን ለሁሉም ነው።

ፕሬድኒሶሎን በአነስተኛ መጠን በእርግዝና ጊዜ ይሰጣል። እንግዴ ልጁ አብዛኛውን ስለሚያከሽፈው ወደ ጽንሱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። መጠኑ ሲበዛ ግን የእናቲቱን ስኳርና ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ለወራት የወሰደችው እናት በአንድ ጊዜ ልታቆመው አይገባም፤ ሰውነቷ የራሱን ማምረት ስለተወ ልትወድቅ ትችላለች። አዛታዮፕሪን የሚባለውም በእርግዝና ጊዜ ይፈቀዳል።

የሚቆሙት እነማን ናቸው? ማይኮፌኖሌት፣ ሜቶትሬክሴት፣ ሌፍሉኖማይድና ሳይክሎፎስፋማይድ ጽንስን ያበላሻሉ። ማይኮፌኖሌት ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ቆሞ በሌላ መተካት አለበት፤ ከተተካ በኋላም በሽታው ተረጋግቶ መቆየቱ መታየት ይኖርበታል። ለደም ግፊትና ለኩላሊት የሚሰጠው ኢናላፕሪልም የጽንሱን ኩላሊት ስለሚጎዳ በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱ ላይ ጉድለት ያመጣል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዙት እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችም ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ መወሰድ የለባቸውም። ታዲያ እህቶቻችን ይህን ሰምተው ዛሬ ማታ ራሳቸው እንዳያቆሙ! ሐኪሙ ሳይተካው የቆመ መድኃኒት፣ ከቀጠለው መድኃኒት ባልተናነሰ ሊጎዳ ይችላል።

አንድ የሚጨመር መድኃኒት አለ፤ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን። ከ12ኛው ሳምንት ገደማ፣ 16ኛው ሳምንት ሳይደርስ ተጀምሮ በየቀኑ ይወሰዳል። የእርግዝና ደም ግፊትን ይቀንሳል። ለራስ ምታት ከምንወስደው እንክብል ጋር ዓይነቱ አንድ ቢሆንም መጠኑ አንድ አይደለም፤ ሐኪሙ ያዘዘው ብቻ ይወሰድ።

ስለ ሄፓሪን መርፌ የሚነሳው ጥያቄ

አንዳንድ የሉፐስ ሕሙማን ደማቸው ውስጥ «አንቲፎስፎሊፒድ» የሚባሉ አንቲቦዲዎች ይገኛሉ። እነዚህ ደምን ያረጋሉ። በእግር፣ በሳንባ ወይም በአንጎል ደም ሊረጋ ይችላል፤ በእንግዴ ልጁ ላይ ሲሆን ደግሞ ጽንሱ ምግብና አየር አጥቶ ይወርዳል ወይም በማህፀን ይሞታል። በተደጋጋሚ ልጅ የሚሞትባትና «ሾተላይ አለባት» የምትባል ሴት ከእነዚህ አንዷ ልትሆን ትችላለች። ምርመራው የደም ምርመራ ሲሆን፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። ይህ ችግር ተገኝቶ ጽንስ ለተደጋገመባት ወይም ደም ለረጋባት እናት፣ ከአስፒሪኑ ጋር ሄፓሪን የሚባል መርፌ በእርግዝናው ዘመን ሁሉ ይሰጣታል። ባሏ ወይም ራሷ ተምረው በየቀኑ ሆዷ ላይ ቆዳ ሥር ይወጉታል። ብዙ እናቶች ከዚህ ሕክምና በኋላ ልጅ ታቅፈዋል።

ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ሄፓሪን የሚሠራው ከአሳማ አንጀት ሽፋን ነው። ይህንን የሰሙ እህቶች መርፌውን ጥለው እንደሚቀመጡ፣ ለሐኪሙም እንደማይናገሩ እናውቃለን። ሐኪሙ መርፌውን እየወሰደች ይመስለዋል፤ ጽንሱ ሲወርድ ሕክምናው ያልሠራ ይመስለዋል። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገርበት። በራቢጣ (የሙስሊም ዓለም ሊግ) ሥር ያለው የፊቅህ ጉባኤ በ2003 መካ ላይ ባደረገው 17ኛ ስብሰባው ይህንኑ ጉዳይ ተመልክቶ፣ ዝቅተኛ ሞለኪውላዊ ክብደት ባለው አዲሱ ሄፓሪን መታከም፣ የሚተካው የተፈቀደ መድኃኒት በማይገኝበት ጊዜ የተፈቀደ እንደሆነ ወስኗል። ልቧ ያልረጋላት እህት የምታምናቸውን ዓሊም ትጠይቅ፤ ግን መርፌው ከመጀመሩ በፊት እንጂ ከተወችው በኋላ አይሁን። የምትጠይቃቸው ዓሊምም ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ተተኪ መኖር አለመኖሩን፣ ቢተው ምን እንደሚደርስ ሊነገራቸው ይገባል።

ልጁስ?

ሉፐስ ያለባት እናት ልጅ ሉፐስ ይዞ ይወለዳል ማለት አይደለም። በቤተሰብ ውስጥ ያለው ዝንባሌ ከሌላው ሰው ከፍ ቢልም፣ ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ በሽታውን ሳያዩት ያድጋሉ።

አንድ ለየት ያለ ነገር ግን አለ። አንዳንድ እናቶች «ፀረ-ሮ» የሚባል አንቲቦዲ አላቸው፤ ይህም በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። አንዳንዱ ሕፃን በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ፊቱና ራሱ ላይ ክብ ክብ ሽፍታ ይወጣበታል። ይህ የእናቲቱ አንቲቦዲ ከደሙ ሲጠፋ፣ በስድስት ወይም በስምንት ወር አካባቢ፣ አብሮ ይጠፋል። ሕፃኑን ከፀሐይ መከለል ነው እንጂ ቅባት አያስፈልገውም፤ ዓይን ነው ተብሎም መደናገጥ የለም። ከባዱ ግን የልብ ነው። ይህ አንቲቦዲ ካላቸው እናቶች ከ100ው ልጆች 2 ያህሉ ላይ የጽንሱ ልብ የምት ሽቦ ይቋረጥና ልቡ እጅግ በዝግታ ይመታል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ከ18ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ አንዴ ከተቋረጠ አይመለስም፤ ከሚተርፉት ልጆች አብዛኞቹ የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ይገጠምላቸዋል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት በሚቀጥለው እርግዝናዋ የመደገሙ ዕድል ከ16 እስከ 18 በመቶ ይደርሳል። ይህንንም ቢሆን ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ከ10ኛው ሳምንት በፊት ተጀምሮ ሲወሰድ ወደ 7 በመቶ ገደማ እንደሚያወርደው በ2020 የታተመ ጥናት አሳይቷል። እንግዲህ ያ ወባን የምናውቅበት መድኃኒት ለእናቲቱ ብቻ ሳይሆን ለልጁም ይሠራል ማለት ነው።

የሚያስገርመው፣ ይህ አንቲቦዲ ምንም በማያማት ሴት ላይም ሊገኝ ይችላል። ልቡ ዘግይቶ የሚመታ ልጅ ከወለደች በኋላ ነው ብዙዋ ስለ ራሷ የምታውቀው።

በእርግዝናው ጊዜ

የሉፐስ እናት ክትትል በሁለት ሐኪም ነው፤ አንዱ የማህፀን፣ ሌላው ሉፐሷን የሚከታተለው። የምትወልደውም የቀዶ ሕክምና ክፍልና የጨቅላ ሕፃናት ማቆያ ባለበት ሆስፒታል ይሁን። በቀዶ ሕክምና ብቻ ትውለድ የሚል ሕግ የለም፤ በምጥ የሚወልዱ ብዙ ናቸው። ይሁንና በየቀጠሮው የደም ግፊቷና ሽንቷ መታየቱ አይቀሬ ነው። ይህ በማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚሠራ ቀላል ምርመራ ነው፤ ግን የእናት ሕይወት ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቷ ቢወጣና ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ቢታይ ሐኪሞቹን አንድ ፈተና ይገጥማቸዋል፦ የእርግዝና ደም ግፊት ነው ወይስ ሉፐሱ ኩላሊቷን አጠቃ? ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ መፍትሔያቸው ግን ይለያያል። የመጀመሪያው በመውለድ ይድናል፣ ሁለተኛው በመድኃኒት። የሚለዩት በሽንት ውስጥ ደም በመኖሩና በደም ምርመራ ስለሆነ፣ ከእርግዝና በፊት የነበረው የምርመራ ወረቀት ከሌለ የአሁኑን ከምን ጋር ያወዳድሩታል? ስለዚህ እህቶቻችን እያንዳንዱን የምርመራ ወረቀት በአንድ ፖስታ አኑሩ፤ ወደ ሆስፒታል ስትሄዱም ይዛችሁ ሂዱ።

ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን በታች በቀኝ በኩል ሕመም፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል።

ስለ ረመዳን ሳንናገር አንለፍ። እርጉዝም ናት፣ ሕመምተኛም ናት፤ ለሁለቱም ሸሪዓችን ፈቃድ ሰጥቷል። ኩላሊቷ የተጎዳ፣ ወይም ደሟ የሚረጋባት ሴት ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ መዋሏ ጉዳት አለው። ለራሷ ፈርታ ካፈጠረች ቀዳ አለባት፤ ለልጁ ብቻ ፈርታ ከሆነ በሐነፊ መዝሀብ ቀዳ ብቻ፣ በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ ቀዳና ፊድያ ነው። ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ካሉ ዓሊም ጠይቁ። «ሁሉም እየጾመ እኔ ብቻዬን» የሚለው ኀፍረት የብዙ እህቶች ችግር መሆኑን እናውቃለን፤ በቤት ያለው ሰው ውኃውን አቅርቦ «ጠጪ» ቢላት ይቀላታል።

ከወለደች በኋላ

ብዙ ቤተሰብ ልጁ ከተወለደ ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። ሉፐስ ግን ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራትም ሊነሳ ይችላል፤ ደም የመርጋቱም አደጋ ከፍ የሚለው በእነዚያው ሳምንታት ነው። በአገራችን አራስ አርባ ቀን ከቤት አትወጣም፣ ከአልጋም አትነሣም። ከፀሐይ መከለሉ ለሉፐስ እናት ደግ ነው፤ ያለ መንቀሳቀስ መተኛቱ ግን አደጋ ነው። በቤት ውስጥ ትራመድ። ሄፓሪን ትወስድ የነበረች ከሆነም ከወለደች በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል ትቀጥላለች፤ «ወለደች እኮ» ተብሎ አይቆምም። ቀጠሮዋ በአርባው ቀን ውስጥ ከዋለም ተሸፋፍና ትሂድ። ግፊት ያለባት እናት ገንፎዋ ጨው ይቀንስላት፤ ቅቤው ላይ ግን አንከራከርም።

ጡት ማጥባት ትችላለች። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን፣ አነስተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን፣ አዛታዮፕሪንና ሄፓሪን ጡት ከማጥባት አይከለክሉም።

ይህንን ዝግጅት አሰናድተን ሳለ ለእኝያ እናት መልሰን ደወልን። ያነጋገረችን ምራታቸው ነበረች። ያዘጋጀነውን ስንነግራት ዝም ብላ አዳመጠችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችን። ጎረቤት «መድኃኒት እየወሰድሽ አትጸንሺም» ብላት ሃይድሮክሲክሎሮኩዊኑን ካቆመች ሁለት ወሯ ነው፤ ለባሏም ለአማቷም አልነገረችም፤ አሁን ተመልሳ ብትጀምረው ይቆጧት ይሆን? ማንም እንደማይቆጣት፣ ነገ ጠዋት ወደ ሐኪሟ ሄዳ ሁለቱን ወር ሳትደብቅ እንድትነግረው፣ የሽንትና የደም ምርመራም እንዲያይላት እንድትጠይቅ ነገርናት። ስድስቱ ወር ከዚያ በኋላ ነው የሚቆጠረው። ስልኩን ለአማቷ አቀበለችና እሳቸው «ነገ እኔው ራሴ እወስዳታለሁ» አሉን።